ቁንጭርና መድኃኒቱ፦ ከኩል ድንጋይ እስከ ቦሩ ሜዳ

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ በአንዳንዱ ቤት ደግሞ በሻሽና በፎጣ ተሸፍኖ የሚደበቅ በሽታ ነው። በአማራው ደጋ ቁንጭር ይሉታል። በአፍንጫ፣ በጉንጭ፣ በከንፈር ወይም በጆሮ ላይ እንደ ብጉር ይጀምራል። ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይሰፋል፣ ይቆስላል። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሲድን ግን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። በሽታው ነፍስ ስለማያጠፋ ብዙ ሰው ይንቀዋል። በፊቷ ላይ የወጣባትን ልጃገረድ ግን ጠይቋት። ትምህርት ቤት መሄድ ያስጠላት፣ ሠርግ ቤት መግባት ያሳፈራት፣ ለትዳር የሚጠይቃት ያጣች ስንት አለች?

ስለዚህ በሽታ ከሰው አፍ የማይጠፋ አንድ ንግግር አለ። «መርፌውን ተወጋሁ፣ ክኒኑን ዋጥሁ፣ አልሆነም፤ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል» ይባላል። እውነት ለምዶት ነው? ወይስ መድኃኒቱ ድሮውንም አልገጠመውም? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ቢመስሉም የተለያዩ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ልዩነቱን ለመረዳት ታሪክ ያስፈልገናል። ታሪኩ በሙስሊሙ ዓለም ጥንታዊ ከተሞች አልፎ፣ ሕንድን ዞሮ፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ደርሶ፣ ተመልሶ ወሎ ይገባል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው ምንድን ነው?

የቁንጭር መንስኤ ሌሽማንያ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከሰው ወደ ሰው በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም በአንድ መስገጃ ላይ በመስገድ አይተላለፍም። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከትንኝ በብዙ የሚያንስ፣ ሲበር ድምፅ የማያሰማ ነፍሳት ነው። የምትናከሰው ሴቷ ናት፤ ጊዜዋም ከመሸ በኋላ ነው። ቀን ቀን በድንጋይ ስንጥቅ፣ በዋሻና በካብ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች።

ተሕዋሱ ግን የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ አይደለም። የዘወትር ቤቱ በገደል ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምናያት ሽኮኮ ናት። ዝንቧ ከሽኮኮ ደም ስትመጥ ተሕዋሱን ትወስዳለች፤ ከዚያ ሰው ስትነክስ ታስተላልፋለች። በአገራችን በሽታው በብዛት የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ ገደልና ዋሻ በበዛበት ነው። መካነ ሰላምን፣ ቦረናን፣ ሳይንትን፣ ለጋምቦን የሚያውቅ ሰው ይህ ስለ የትኛው ዓይነት አገር እንደሚናገር ወዲያው ይገባዋል። ወደ አባይና ወደ በሽሎ የሚወርደው ገደላማ አገር፣ ቤቱ ከገደል አፋፍ የተሠራ ገበሬ፣ ማታ ከብት የሚጠብቅ እረኛ፤ ዝንቧም ሽኮኮዋም የሚወዱት አገር ይኸው ነው።

አንዳንዱ ሰው በሽታው የሌሊት ወፍ ሽንት ነው ይላል። ሌላው የሰው ዓይን ነው፣ ሌላው ጅን ነው ይላል። የዋሻው ነገር ግን ሰዉ እውነቱን በሩቁ ሳይጠረጥር እንዳልቀረ ያሳያል። የሌሊት ወፍም የአሸዋ ዝንብም ቀን የሚውሉት ከዚያው ከዋሻው ነውና።

በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች በዚህ የቆዳ በሽታ እንደሚያዙ በ2012 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት ያመለክታል። ከነዚህ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ደርሰው የሚመዘገቡት ጥቂቶች ናቸው።

ከበልኽ እስከ ሐለብ

ይህ ቁስል ለሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች እንግዳ አልነበረም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ኢብን ሲናን የመሰሉ ሊቃውንት በዛሬይቱ አፍጋኒስታን ሰሜን በምትገኘው በበልኽ ከተማ ስም የሚጠራውን ቁስል ገልጸው ጽፈዋል። ቁስሉ በሶሪያዋ ሐለብም ይታወቅ ነበር። ሐለቦች «ሐበቱ ሰና» ይሉታል፤ የዓመት ቁስል ማለት ነው። ዓመት ያህል ቆይቶ በራሱ ስለሚድን ነው ይህን ስም ያገኘው። ሐለብ ይኖር የነበረው አሌክሳንደር ራስል የተባለ ሐኪም በ1756 ስለ ከተማይቱ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ሰፍሯል።

የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ከረጅም ልምድ አንድ ነገር ተረድተው ነበር። ይህ ቁስል አንድ ጊዜ የያዘውና የዳነ ሰው ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ አይያዝም። ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰቦች ከታመመ ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስደው በልጃቸው ላይ፣ ልብስ በሚሸፍነው የሰውነት ክፍል፣ ሆን ብለው ያስይዙ ነበር። ዓላማው ጠባሳው በፊት ላይ እንዳይመጣ ነው። ዛሬ ማንም በቤቱ ሊሞክረው የማይገባ አደገኛ ነገር ነው። ነገር ግን የእናት ጭንቀት የትም አገር አንድ መሆኑን ይነግረናል። የባግዳድም እናት የቦረናም እናት የፈሩት የልጃቸውን ፊት ነው።

የበሽታው መንስኤ ጥገኛ ተሕዋስ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1885 ካኒንግሃም የተባለ ሐኪም በሕንድ፣ በ1898 ደግሞ ቦሮቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም በታሽኬንት በአጉሊ መነጽር አዩት። ሌሽማንያ የሚለውን ስም ያገኘው በ1903 ነው፤ የተሰየመውም ሌሽማን በተባለ ስኮትላንዳዊ የጦር ሐኪም ስም ነው።

የኩሉ ድንጋይ

መንስኤው ሲታወቅ የመድኃኒት ፍለጋው ተጀመረ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከመቶ ዓመት በላይ የዚህ በሽታ ዋና መድኃኒት ሆኖ የቆየው ከአንቲሞኒ የሚሠራ ነው። አንቲሞኒ ምንድን ነው? በዐረብኛ «ኢስሚድ» የሚባለው የኩል ድንጋይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዓይን የመከሩት ኩል ኢስሚድ መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። (ዛሬ በገበያ ኩል ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ግን ከእርሳስ የተሠራ ነውና ለሕፃናት ዓይን መጠንቀቅ ያሻል።)

በ1912 ጋስፓር ቪያና የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም አንቲሞኒ ያለበትን ጨው በደም ሥር በመስጠት የሌሽማንያን ቁስል ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ሕንዳዊው ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ ደግሞ በካልካታ ከዚያ የተሻለና ጉዳቱ ያነሰ የአንቲሞኒ መድኃኒት ሠርቶ በ1922 ውጤቱን አስታወቀ። ይህ መድኃኒት ካላ አዛር የሚባለውን፣ ጉበትና ጣፊያን የሚያጠቃውን የሌሽማንያ በሽታ በማከም የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። በ1940ዎቹ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው መርፌ መጣ። እስከ ዛሬም በአገራችን ሆስፒታሎች የሚሰጠው ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ መድኃኒት የተሠራውና የተፈተነው በብራዚል፣ በሕንድና በሌሎች አገሮች ተሕዋስ ላይ ነው። የኛ የደጋው ተሕዋስ በዚያን ጊዜ ስሙም አልታወቀም ነበር።

መድኃኒቱ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

በኢትዮጵያ የቆዳ ሌሽማንያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1913 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በቂ ጥናት አልተደረገም። የበሽታው አስቸጋሪ ገጽታ በግልጽ የታየው በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ነው። በዚያ ከጣልያን ወረራ በፊት ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙ ነበር። በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ሕክምና ማዕከል በቦታው ተቋቋመ።

በዚያ ሐኪሞቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሥጋ ደዌ ናቸው ተብለው ከመጡት መካከል አንዳንዶቹ ሥጋ ደዌ አልነበራቸውም። ፊታቸው፣ ጆሯቸውና እጅና እግራቸው በእብጠት የተሞላ፣ ነገር ግን የተያዙት በሌሽማንያ የነበሩ ናቸው። ይህ በመላ ሰውነት የሚሰራጨው የቁንጭር ዓይነት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሰውነት ውስጥ የመከላከል ኃይሉ ተሕዋሱን እንደ ጠላት አያየውም፤ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። በሽታውም ሳይድን ዓመታት ይቆያል።

አንቶኒ ብራይስሰን የተባለ ሐኪም እነዚህን ሕሙማን ተከታትሎ ውጤቱን በ1969 እና በ1970 አሳተመ። በሌላው ዓለም የሚያድነው የአንቲሞኒ መርፌ በተለመደው መጠን ሲሰጥ እነዚህን ሕሙማን አላዳናቸውም። ፔንታሚዲን የተባለ ሌላ መድኃኒት የተሻለ ውጤት ሰጠ፤ እርሱም ግን ቆሽትን ጎድቶ የስኳር በሽታ ሊያመጣ የሚችል ነበር።

ይህ በሆነበት ጊዜ አካባቢ ብሬይና አሽፎርድ የተባሉ ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች የበሽታውን ምንጭ ፍለጋ ወደ ገጠር ወጡ። ከመረጧቸው ቦታዎች አንዱ የኛው ኩታበር ነበር። ከደሴ ሰሜን ምዕራብ ያለችው ኩታበር! ሌሎቹ በጋሞ ኦቾሎ፣ በወለጋ አለኩ ናቸው። ዝንቦቹን ያዙ፣ ሽኮኮዎቹን መረመሩ፣ በሁለቱም ውስጥ ያንኑ ተሕዋስ አገኙ። በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ ተሕዋሱ ከሌሎቹ የተለየ ዝርያ መሆኑን ገልጸው በአገራችን ስም «ሌሽማንያ ኤቲዮፒካ» ብለው ሰየሙት።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን እዚህ ላይ እንመልስ። በ1960ዎቹ ዘነበወርቅ የተኙት ሕሙማን ተሕዋሳቸው መድኃኒቱን ለምዶት አልነበረም። የመጣው ከገደል ሽኮኮ ነው፤ ሽኮኮ ደግሞ መርፌ ተወግታ አታውቅም። የደጋው ተሕዋስ ከመጀመሪያውም ለዚያ መድኃኒት በዚያ መጠን በቀላሉ የሚበገር አልነበረም። የሕሙማኑም ሰውነት መድኃኒቱን አልረዳውም። ይህን የተፈጥሮ አለመበገር እንበለው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን አስተምረዋል፤ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ሲገጥም በአላህ ፈቃድ ፈውስ እንደሚገኝም ነግረውናል። ይህ መግጠም የሚለው ሐሳብ ለታሪካችን ቁልፍ ነው። ለሕንድ ተሕዋስ የገጠመ መድኃኒት ለወሎ ተሕዋስ ላይገጥም ይችላል። የሚገጥመውን ማግኘት ደግሞ ምርምርና ድካም ይጠይቃል።

ተሕዋሱ ተምሮ ሲያመልጥ

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንለፍ። መድኃኒት መላመድ ማለት በእርግጥ ምን እንደሆነ ዓለም በግልጽ ያየው በሕንድ በቢሃር ግዛት ነው። በዚያ ካላ አዛር በአንቲሞኒ ለአሥርት ዓመታት ሲታከም ቆየ። መጀመሪያ ጥቂት መርፌ ይበቃ ነበር። ቆየት ብሎ ጥቂቱ አልበቃም፤ መጠኑ ተጨመረ፣ ቀኑ ረዘመ። በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቢሃር ከ100 ሕሙማን ውስጥ በመርፌው የዳኑት 35 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በጎረቤት ግዛት በኡታር ፕራዴሽ ግን 86 ያህሉ ዳኑ። መድኃኒቱ አንድ፣ መጠኑም አንድ፤ ውጤቱ ግን ይህን ያህል ተራራቀ።

ምን ሆነ? ተመራማሪዎች ብዙ ምክንያት ጠቅሰዋል። መርፌው ሙያ በሌላቸው ሰዎች እጅ በየመንደሩ ይሰጥ ነበር። መጠኑ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ መካከል ላይ ይቋረጣል፤ ሕመምተኛው ትንሽ ሲሻለው ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ያውላል። አንዳንድ ተመራማሪዎች በአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ያለው አርሴኒክ የተባለ መርዝ፣ በባሕርዩ ከአንቲሞኒ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ተሕዋሱን ሳያለማምደው አልቀረም ይላሉ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በቀላሉ ላስረዳ። በአንድ ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ እጅግ ብዙ ተሕዋስ አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። መድኃኒቱ ደካሞቹን ቶሎ ይገድላል። ጥቂቶቹ ግን መድኃኒቱ የሚገባበትን በር ያጠበቡ ናቸው፤ ሌሎቹ የገባውን መርዝ መልሰው የሚተፉ ናቸው። መድኃኒቱ በሙሉ መጠን እስከ መጨረሻው ቀን ከተሰጠ እነዚህም ይደክማሉ፤ የቀሩትን የሰውነት መከላከያ ይጨርሳቸዋል። መካከል ላይ ከተቋረጠ ግን የሚተርፉት እነዚያው ጠንካሮቹ ናቸው። ተባዝተው ሜዳውን ይይዛሉ። ገበሬ አረምን በግማሽ ነቅሎ ቢተው፣ ሥሩ የጠለቀው አረም ብቻ ቀርቶ ማሳውን እንደሚሞላው ማለት ነው።

በቢሃር ነገሩን ያከፋው ሌላም ነበር። በዚያ ዝንቧ ተሕዋሱን የምትወስደው ከሰው፣ የምትሰጠውም ለሰው ነው። ስለዚህ በአንዱ ሰው ሰውነት ውስጥ የተማረው ተሕዋስ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በኛ ደጋ ግን የተሕዋሱ ዋና ቤት ሽኮኮ በመሆኗ፣ በሰው ውስጥ የተማረው ተሕዋስ ወደ ገደሉ የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው። ይህ የአላህ እዝነት ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ታዲያ ልንዘናጋ ይገባል? በፍጹም። ሕክምናውን ያቋረጠው ሰው መንደሩን ባይጎዳ እንኳ ራሱን ይጎዳል። በራሱ ሰውነት ውስጥ የቀረው ተሕዋስ በሚቀጥለው ጊዜ ለመርፌው የማይበገር ሊሆን ይችላል። በመላ ሰውነት ለሚሰራጨው ዓይነት፣ እንዲሁም አፍንጫና አፍ ውስጥ ለሚገባው ዓይነት ይህ ከባድ ነገር ነው። የሚሰጡት የመድኃኒት ዓይነቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና።

የሥጋ ደዌው ትምህርት

ይህ ነገር ከአገራችን ሩቅ ነው የሚል ካለ፣ ያው የዘነበወርቅ ግቢ ሌላ ትምህርት ይሰጠዋል። ሥጋ ደዌ የሚመጣው በባክቴሪያ እንጂ በሌሽማንያ አይደለም፤ የመድኃኒት መላመዱ ታሪክ ግን ተመሳሳይ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሥጋ ደዌ ዳፕሶን በተባለ አንድ ክኒን ብቻ ይታከም ነበር። ክኒኑ ርካሽ ነበር፤ ለዓመታት ይዋጣል። ብዙ ሕመምተኛ ይዘለው ነበር፤ አንዳንዱ ሲሻለው ይተወው ነበር። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የሠሩ ሐኪሞች ዳፕሶንን የለመደ ሥጋ ደዌ በኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ እየበዛ መምጣቱን አሳዩ።

ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የተገኘው ይህን የመሰለ ማስረጃ ተደምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሥጋ ደዌ ከዚያ በኋላ በአንድ መድኃኒት ብቻ እንዳይታከም፣ ሁለትና ሦስት መድኃኒት በአንድነት እንዲሰጥ ወሰነ። አንዱን የለመደ ባክቴሪያ በሌላው ይያዛል። ዛሬ ሥጋ ደዌ ሙሉ በሙሉ የሚድን በሽታ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። የቁንጭር ሐኪሞችም ይህን ፈለግ ተከትለዋል። በ1994 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት በመላ ሰውነት የተሰራጨ ቁንጭር የያዛቸው ጥቂት ሕሙማን በሁለት መድኃኒት በአንድነት ሲታከሙ ተስፋ ሰጪ ውጤት መገኘቱን ገልጿል።

ቦሩ ሜዳ

አሁን ወደ አገራችን ወሎ እንመለስ። ቦሩ ሜዳ የሚለው ስም ለወሎ ሙስሊም ጆሮ ከባድ ነው። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጠሩት ጉባኤ በዚያ ሜዳ ከተካሄደ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ። የተሰደደው ተሰደደ፣ የተዋጋው ተዋጋ፣ በልቡ ይዞ የቆየውም ቆየ። ያንን ታሪክ አንረሳውም።

ነገር ግን አላህ ነገሮችን ይለዋውጣል። ከዚያ ዘመን በኋላ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚያው በቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ተመሠረተ። ሰው የሸሻቸው ሙስሊምና ክርስቲያን ሕሙማን ጎን ለጎን ተኝተው ታከሙበት። ዛሬ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከአገራችን ዋና ዋና የቁንጭር ሕክምናና ምርምር ቦታዎች አንዱ ነው። ስሙ በሐዘን የሚነሳ ሜዳ፣ የሁላችንም ልጅ ፊቱን የሚታከምበት ሆነ።

በቦሩ ሜዳ ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ በ2021 ታትሟል። የተፈተነው ሚልቴፎሲን የተባለ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት መጀመሪያ ለካንሰር ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የአንቲሞኒው መርፌ በቢሃር ሲከሽፍ በ2002 ሕንድ ለካላ አዛር ፈቀደችው። የቦሩ ሜዳው ጥናት እንዳሳየው ከከባዱ ቁንጭር ብዙዎቹ ሕሙማን ተሽሏቸዋል፤ ሙሉ በሙሉ ያልዳኑና ያገረሸባቸውም ነበሩ። የሚገጥመው መድኃኒት ፍለጋ አላለቀም ማለት ነው።

ሚልቴፎሲን ሲዋጥ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከመጨረሻው ክኒን በኋላ ለሳምንታት በትንሽ መጠን ደም ውስጥ ይቆያል። ትንሽ መጠን ደግሞ፣ ከቢሃር እንዳየነው፣ ለተሕዋሱ ትምህርት ቤቱ ነው። በኔፓል ለካላ አዛር ከተሰጣቸው ሰዎች ከአምስቱ ለአንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ በሽታው አገርሽቶባቸዋል። እንግዲህ አዲሱ መድኃኒትም በአግባቡ ካልተያዘ እንደ አሮጌው መሆኑ አይቀርም።

ከቤታችን የሚጠበቀው

ከመካነ ሰላም ገጠር ቀበሌ የሚነሳ አባት ልጁን ይዞ እስከ ደሴ ዙሪያ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚደክም አውቃለሁ። የመኪናው ዋጋ አለ፣ የማደሪያው አለ፣ የእርሻው ሥራ አለ። ሕክምናው ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። በቁስሉ ላይ የሚሰጠው መርፌ ወይም ቁስሉን በጣም በቀዘቀዘ ጋዝ ማቀዝቀዙ በየጊዜው መመላለስ ይጠይቃል። በጡንቻ የሚሰጠው መርፌ በየቀኑ ለአራት ሳምንት ያህል ነው፤ ያማል፤ ልብንና ጉበትን ስለሚነካ ክትትል ያስፈልገዋል። ሚልቴፎሲኑም 28 ቀን ነው። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና አካባቢዋን ሲያዳርስ፣ ጤና ተቋማትም ሲዘረፉ፣ ሕክምና መካከል ላይ መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ አይተናል። ከአቅም በላይ በሆነው ማንም አይወቀስም። በአቅማችን ባለው ግን እንጠየቃለን።

በአቅማችን ያለው ምንድን ነው? መጀመሪያ፣ ዓመት ሳይጠብቁ መሄድ። ትንሽ ቁስል በቀላል ሕክምና ይድናል፤ አፍንጫ ውስጥ የገባው ግን ብዙ ያለፋል። ቁስሉን በጋለ ብረት መተኮስ፣ የባትሪ ውኃ ማፍሰስ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል መለጠፍ ጠባሳውን ያብሰዋል። ዱዓ እናድርግ፣ ሩቅያም እናስቀራ፤ ይህ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድን አያስቀርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓም አድርገዋል፣ መታከምንም አዘዋል።

ሁለተኛ፣ የተጀመረውን መጨረስ። ቁስሉ ሲደርቅ ተሕዋሱ አልቋል ማለት አይደለም። የተረፈውን ክኒን ለጎረቤት ልጅ መስጠት ሶደቃ አይሆንም፤ የሁለቱንም መዳን ማበላሸት ነው። ማስታወክና ተቅማጥ ቢያስቸግር ከምግብ ጋር መዋጥና ሐኪሙን ማማከር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሴቶች እህቶቻችን ይህን በደንብ ያድምጡ። ሚልቴፎሲን በማሕፀን ያለን ፅንስ ይጎዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ሳታፍር ለሐኪሙ መናገር አለባት። መድኃኒቱን ስትወስድና ከጨረሰች በኋላም ሐኪሙ ለሚነግራት ወራት እንዳታረግዝ መጠንቀቅ ይኖርባታል። ባልም ይህን ማወቅና መርዳት ግዴታው ነው።

አራተኛ፣ የታመመውን አለማግለል። ቁንጭር በመጨባበጥ አይያዝም። ከማዕድ የሚለየው፣ ከሰፍ የሚያርቀው፣ ለትዳር የሚከለክለው ምንም ምክንያት የለም። ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚያዘገየው ቁስሉን ስለሚደብቅ ነው፤ የሚደብቀውም እኛን ስለሚያፍር ነው። ስለዚህ የኛ ዓይንና ምላስ የበሽታው ተባባሪ እየሆኑ ነው። ይልቁንስ ጎረቤት ተሰብስቦ ለመኪና ያዋጣ፤ ከብቱን ይጠብቅለት፤ የቀጠሮውን ቀን ያስታውሰው። እንዲህ ያደረገ ጀመዓ ከመድኃኒቱ ግማሹን ሰጥቷል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ መድኃኒት አማና ነው። ለዚህ በሽታ የሚሆኑት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱንም ለማግኘት ከካልካታ እስከ ኩታበር ብዙ ሰው ደክሟል። የደጋው ተሕዋስ ከተፈጥሮው የጠነከረ መሆኑ የኛ ጥፋት አይደለም፤ ለርሱ የሚገጥመውን መፈለግ የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ሥራ ነው። ያለውን መድኃኒት በግማሽ ወስዶ ተሕዋሱን ማስተማር ግን የኛ ጥፋት ይሆናል። ይህን አማና ጠብቀን ለልጆቻችን እናስተላልፍ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሙሉ ሺፋ ይስጥልን፤ የሚያክሙትን ይርዳልን፤ ልባችንን ለሕመምተኛ የሚራራ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።